የአከርካሪ ሞዴል ይዞ ስለ ወገብ ዲስክ ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ ፊዚዮቴራፒ ስሰራ ቀኑን ሙሉ ከእጄ ማይጠፋው ነገር የፕላስቲክ ወገብ ነው። ተማሪዎች ይጠይቁኛል፣ ነርሶች ይጠይቁኛል፣ ታማሚዎቼ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠይቁኛል፣ ጥያቄውም ዞሮ ዞሮ አንድ አይነት ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ለማስተማሪያ ምትፈልጉት ካላችሁ ውሰዱት፣ ወገባችሁን አሟችሁ ምታነቡም ካላችሁ ለናንተም ይሆናል።

ሞዴሉ ላይ ያለው ምንድነው? የትኛውን ልያዝ?

ሙሉው አከርካሪ የአንገት 7፣ የጀርባ 12፣ የወገብ 5 አጥንት አለው፣ ከዛ በታች ደግሞ ተጣብቆ አንድ የሆነው የዳሌ መሀል አጥንትና ጭራው ይመጣል። በመሀላቸው 23 ዲስክ አለ። ለወገብ ትምህርት ግን ሙሉውን ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም፣ አምስቱ የወገብ አጥንቶች ከታችኛው ጋር ያሉበት አጭሩ ሞዴል ይበቃል፣ ለታማሚ ደግሞ በእጅ መዳፍ ሚያዘው ባለ ሁለት አጥንቱ ይሻላል። ቢጫው ነርቭ ነው፣ ቀዩ ካለ ያበጠ ዲስክ ነው። አራት ጥንድ አጥንት ተደርድሮ ጤነኛ፣ ያበጠ፣ የሳሳ እና ዳር ዳሩ አጥንት የበቀለበት እያለ ሚያሳይ አይነትም አለ፣ ስለሱ ብዙ ምለው ስላለኝ ወደታች እመለስበታለሁ።

ዲስክ ምንድነው? በቀላሉ እንዴት ላስረዳ?

እኔ ሰውየውን አይቼ ነው ምሳሌ ምመርጠው። የባጃጅ ሹፌር ከሆነ በጎማ ነው ምጀምረው፣ የዲስኩ የውጪው ክፍል ልክ እንደ ጎማው ክር በክር ላይ የተደራረበ ነው፣ ከ15 እስከ 25 ንብርብር አለው፣ አንዱ ንብርብር ወደ ቀኝ ካዘመመ ቀጣዩ ወደ ግራ ያዘማል፣ ለዛ ነው ስንጠማዘዝም ስናጎነብስም ሚችለው። እናቶች ከሆኑ ግን በተልባ ነው። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር እንዴት ልጥልጥ እንደሚልና ውሃውን እንዴት ይዞ እንደሚያስቀር ማያውቅ ሰው የለም፣ የዲስኩም መሀል እንደዛ ነው፣ ውሃ ሚይዝ ነገር አለው፣ በልጅነት ከመሀሉ 80 ከመቶ አካባቢ ውሃ ነው። ቀን ቆመንና ተቀምጠን ስንውል ውሃው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ማታ ስንተኛ መልሶ ይጠጣል፣ ጠዋት ላይ ከማታው ይልቅ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ምንረዝመው በዚህ ነው። ይሄን ስነግራቸው ሁሉም ይገረማል፣ አንዳንዱ ቤቱ ሄዶ ግድግዳ ላይ ምልክት አርጎ ለክቶ ይመጣል፣ እንደዛ ያረገ ሰው ደግሞ ስለ ዲስክ የነገርኩትን ፈጽሞ አይረሳም።

ሌላ መረሳት የሌለበት ነገር፣ ትልቅ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ስር የለም ማለት ይቻላል፣ ከዳር ትንሽ ካልሆነ በቀር። ምግቡን ሚያገኘው ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች በስሱ ንጣፍ በኩል እየሰረገ ነው። ለዛ ነው ሲጎዳ እንደ ጡንቻ ቶሎ ማይጠግነው።

“ዲስኩ አርጅቷል” ሲባል ሞዴሉ ላይ ምኑን ላሳይ?

እዚህ ጋ ነው የጅማ በርጩማ ሚጠቅመኝ። ባለ ሶስት እግሩን በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ወጥ እንጨት ተፈልፍሎ ሚሰራው። ወገባችን ላይ ሁለት አጥንት ሚገናኘው እንደዛ በሶስት ቦታ ነው፣ ፊት ለፊት ዲስኩ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ መጋጠሚያዎች። ሞዴሉን ወደጎን አዙራችሁ ሶስቱንም በጣት አስነኳቸው። አሁን የፊተኛው የበርጩማ እግር ትንሽ አጠረ እንበል፣ በርጩማው ያዘማል፣ ክብደቱ ከለመደው ወጥቶ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ዲስክ ሲያረጅም ነገሩ ይሄው ነው፣ መጀመሪያ መሀሉ ውሃ መያዝ ይቀንሳል፣ ከዛ የውጪው ንብርብር ስንጥቅ ስንጥቅ ይላል፣ ከዛ ከፍታው ይቀንሳል፣ ከዛ የኋላዎቹ መጋጠሚያዎች ያልለመዱትን ክብደት ይሸከማሉ፣ በመጨረሻ አጥንቱ ዳር ዳሩን ይበቅልና መገናኛውን ያሰፋዋል። ራጅ ላይ “አጥንት በቅሏል” ተብሎ ሚጻፈው ይሄ ነው፣ ሰው ሲሰማው በሽታ ይመስለዋል፣ እኔ ግን ሰውነት እግሩን ሰፋ አርጎ መቆሙ ነው ብዬ ነው ማስረዳው። ወገብ ሲያረጅ መጀመሪያ ላላ ይላል ቀጥሎ ግን መልሶ ይጠነክራል፣ ኪርካልዲ ዊሊስ የሚባለው የአጥንት ሀኪም ነገሩን በሶስት ደረጃ ሲከፍለው የመጨረሻውን የመርጋት ደረጃ ብሎታል። ብዙ ሽማግሌዎች በ50ዎቹ ያስቸገራቸው ወገብ በ70 ላይ ደረቅ ቢልም ረጋ ሚልላቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ፕላስቲኩ ማያሳየው ነገር ውሃውን ነው። እሱ ሚታየው ኤምአርአይ ላይ ነው፣ ውሃ ያለው ዲስክ ነጭ ሆኖ ይታያል ውሃው የቀነሰ ይጠቁራል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ፊርማን እና ባልደረቦቹ ያወጡት ባለ 5 ደረጃ አከፋፈልም በዚህ ነጭነትና በከፍታው ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ተማሪ ስታስተምሩ ፊልሙንና ሞዴሉን ጎን ለጎን ያዙ፣ አንዱ ብቻውን ጎዶሎ ነው።

ሞዴሉን ያየ ሰው ይደነግጣል፣ ምን ላርግ?

ስለዚህ ጥያቄ ነው በዋናነት ይሄን ሁሉ ምጽፈው።

ስራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ስሙን ማልጠራው ቦታ፣ ወደ 40 ምናምን አመት የሆናቸው የቡና ጆንያ ሚሸከሙ ሰው መጡ። ወገባቸውን ይዟቸው ወደ ግራ እግራቸው ይወርዳል። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ሞዴሉን አነሳሁና ቀዩን በእስክሪብቶ ጠቆም አርጌ “ጋሼ ይሄው፣ ይሄ ወጥቶ ነርቮን ተጭኖት ነው” አልኩና መድሀኒታቸውን ይዘው እንዲሄዱ፣ እንዲጠነቀቁ ነገርኩ። አለቀ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። የወገብ ቀበቶ ጥብቅ አርገው አስረዋል፣ ጫማቸውን ሚስታቸው ነው ምታስርላቸው፣ አልጋ ላይ ነው የከረሙት፣ ጡንቻቸው ሟሟ። እግራቸውን ስፈትሽ ነርቩ እንደውም ተሽሎታል። ለምን አልተንቀሳቀሱም ስላቸው ድምጻቸውን ዝቅ አርገው “ልጄ፣ ያ ቀዩ ነገር ጨርሶ ወጥቶ ቢወድቅስ ብዬ ነው” አሉኝ። እዛች ቦታ ላይ ገባኝ፣ ሰውየውን ያስተኛቸው ዲስኩ አልነበረም፣ እኔ በሁለት ደቂቃ ያሳየኋቸው ፕላስቲክ ነው።

ከዛ ወዲህ እንዲህ ነው ማረገው። ሞዴሉን መጀመሪያ ለታማሚው ነው ምሰጠው፣ እኔ አልይዘውም። ሰው በእጁ የያዘውን ነገር አይፈራም። አጎንብሱት፣ አዙሩት፣ ወደኋላ መልሱት እላለሁ፣ ሲያጎነብሱት ዲስኩ ሲተጣጠፍ ያያሉ፣ አይሰበርም፣ እና “ወገቦት ለዚህ ነው የተሰራው” እላቸዋለሁ። ከጤነኛው ነው ምጀምረው፣ ወደ ቀዩ ምሄደው መጨረሻ ላይ ነው፣ ስሄድም ብቻውን አልተወውም፣ ፕላስቲኩ እንደዚሁ ይኖራል የእርሶ ግን ህይወት ያለው ነው ይቀንሳል ብዬ ነው ማሳየው። ከዛ መልሰው እንዲያስረዱኝ እጠይቃለሁ፣ “እቤት ሲሄዱ ለባለቤቶ ምን ብለው ነው ሚነግሯት?” ብዬ። ሚሉትን ሰምቼ ነው ማስተማሬን ማውቀው። አንዴ አንዲት እናት ሞዴሉን እንደ ህጻን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ቢጫውን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ “ይቺ ተቆጥታ ነው እንጂ አልተበጠሰችም በላቸው” አሉ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘሁም፣ እስከዛሬም ቃሏን እጠቀምባታለሁ።

ባለ አራት ደረጃው ሞዴል ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ተደርድሮ ሲታይ ሁሉም ሰው ከአንድ ወደ አራት እየተጓዘ፣ በየደረጃውም ህመሙ እየባሰ ሚሄድ ያስመስላል። እንደዛ አይደለም። ለተማሪ አሳዩት፣ ለታመመ ሰው ግን “አሁን ሶስተኛው ላይ ኖት” እንዳትሉ፣ እባካችሁ።

ዲስኩ ካረጀ ማመሙ አይቀርም ማለት ነው?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ 33 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ስራ አለ፣ ምንም ወገባቸውን ማያማቸው ከ3,100 በላይ ሰዎችን ምስል ነው ያየው። ማያማቸው ሰዎች ናቸው፣ ይሄን አስምሩበት። የ20 አመት ከሆኑት 37 ከመቶው፣ 50 ከሞላቸው 80 ከመቶው፣ 80 ከሞላቸው 96 ከመቶው ያረጀ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ማበጡም እንደዚሁ፣ በ20 አመት 30 ከመቶ በ80 አመት 84 ከመቶ። እኔ ይሄን ከፀጉር ሽበት ጋር ነው ማነጻጽረው፣ ውስጥ ስላለ አናየውም እንጂ ያው ሽበት ነው። ይሄ ማለት ግን ህመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ አንድ ሰው ወገቤን አመመኝ ሲል አሞታል በቃ። ምስሉ ብቻውን ህመሙን አይነግረንም ለማለት ነው።

“ዲስኬ ተንሸራቷል” ማለት ትክክል ነው?

ሁላችንም እንለዋለን፣ ግን ዲስክ አይንሸራተትም። ከላይና ከታች ከአጥንቱ ጋር ተያይዞ የበቀለ ነው፣ ሳሙና አይደለም። ያብጣል፣ የውጪው ንብርብር ይቀደዳል፣ መሀሉ በቀዳዳው ይወጣል። ይሄ የወጣ ነገር ነርቭ ሲጫን እግር ድረስ ህመም እንደሚያመጣ ሚክስተርና ባር የሚባሉ የቦስተን ሀኪሞች እ.ኤ.አ. በ1934 ጽፈው ካሳወቁ በኋላ ነው አለም በደንብ የተረዳው፣ ከዛ በፊት እብጠቱን እንደ እጢ ነበር ሚያዩት። “ተንሸራተተ” ምትለዋን ቃል ማልወዳት ሰው መልሶ ሚገፋለት ፍለጋ ስለምትሰድ ነው።

ታዲያ ወጌሻ መልሶ ማስገባት ይችላል?

ወጌሻን አልንቅም፣ ብዙ ሰው በነሱ እጅ ታሽቶ ጡንቻው ይፍታታል፣ ይቀለዋል። ዲስክን ግን በእጅ መመለስ አይቻልም፣ ይሄን ደግሞ መሟገት አያስፈልግም ሞዴሉን ማዞር ብቻ ነው። ከኋላ በጣት ምትነኩት ሾጣጣው አጥንት ነው፣ ከሱ ወደ ውስጥ የነርቭ መተላለፊያው አለ፣ ዲስኩ ከዛም ወዲያ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ፕላስቲኩ ማያሳየው ወፍራም ጡንቻ አለ። ጣታቸውን ከኋላ አስይዛችሁ “እስቲ ዲስኩን ንኩት” በሏቸው፣ ራሳቸው ይስቁና ይተዉታል። እግር ሚያደነዝዝ ሰው ላይ በሀይል መርገጥና ማጠማዘዝ ግን አደጋ ስለሆነ ይሄን በግልጽ ንገሯቸው።

የወጣው ዲስክ ይመለሳል ወይስ ኦፕራሲዮን የግድ ነው?

ብዙው በራሱ ይቀንሳል። የሚገርመው በጣም የወጣው ነው ይበልጥ ሚቀንሰው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የጥናቶች ስብስብ ላይ ተቆርጦ የተለየው ዲስክ 96 ከመቶ፣ ቀዶ የወጣው 70 ከመቶ፣ ትንሽ ብቻ የገፋው 41 ከመቶ፣ ያበጠው 13 ከመቶ በራሱ ቀንሷል። ምክንያቱም ወጥቶ ደም ስር ካለበት ቦታ ሲደርስ ሰውነት እንደ ባእድ ነገር ያየውና ይበላዋል። ኦፕራሲዮን ሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ነርቩ እየደከመ ሚሄድ ወይ ወራት ቆይቶም ህመሙ አልለቅ ያለው፣ ግን ቀዩን ሞዴል አይቶ ወደ ኦፕራሲዮን መሮጥ የለም።

የሕክምናና የፊዚዮ ተማሪ ነኝ፣ የትኛው ዲስክ የትኛውን ነርቭ እንደሚነካ ይምታታብኛል

ሁሉም ላይ ይምታታል፣ ሞዴሉም የተሰራው ለዚህ ነው ማለት ይቻላል። ቢጫውን ክር ከላይ ጀምራችሁ በጣት ተከተሉት። በኤል 4 እና ኤል 5 (ከላይ ሲቆጠር አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንት) መሀል የኤል 4 ነርቭ በጎን ቀዳዳው ሲወጣ አያችሁ? ከዲስኩ ከፍ ብሎ ነው ሚወጣው፣ ስለዚህ ዲስኩ እንደተለመደው ወደ ኋላና ወደ ጎን ሲወጣ እሱን ያልፈዋል፣ ሚያገኘው ቁልቁል እየወረደ ያለውን የኤል 5 ነርቭ ነው። በኤል 5 እና ኤስ 1 (የዳሌ መሀል አጥንቱ የላይኛው ክፍል) መሀል ከሆነ ደግሞ የኤስ 1ን። የወገብ ዲስክ መውጣት 90 ከመቶ በላይ ሚሆነው በነዚህ ሁለት ቦታዎች ስለሆነ ሁለቱን ካወቃችሁ ብዙውን አወቃችሁ። የእግር አውራ ጣቱን ወደላይ ማንሳት ካቃተው ኤል 5ን ጠርጥሩ፣ በጣቱ ቆሞ ተረከዙን ማንሳት ካቃተው ወይ የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክሱ ከጠፋ ኤስ 1ን። ዲስኩ እዛው ቀዳዳው ውስጥ ወይ ከሱ ውጪ ከወጣ ግን የላይኛውን ነርቭ ነው ሚያገኘው፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ሰው ላይም ይመጣል።

ህብለ ሰረሰሩ ደግሞ ኤል 1 እና ኤል 2 አካባቢ ያልቃል፣ ከዛ በታች ያለው የፈረስ ጭራ ሚባለው የነርቭ ጥቅል ነው። ሽማግሌዎች ለዝንብ ሚይዙትን ጭራ አስቡት፣ ልክ እንደዛ ነው። ታማሚው “ህብለ ሰረሰሬ ተነካ ወይ?” ሲል በታችኛው ወገብ ላይ ህብለ ሰረሰር የለም ብላችሁ ማሳየት ትልቅ እፎይታ ነው።

ወገቤን ነው ወይስ ኩላሊቴን?

በቀን አስር ጊዜ ምሰማው ነው። ኩላሊት ከጎድን አጥንት ስር ከፍ ብሎ ጎንና ጎን ነው፣ ሲታመም ብዙ ጊዜ ትኩሳት ወይ የሽንት ለውጥ አለው፣ ወይ ድንገት እንደ ምጥ እየመጣ ሚሄድ ህመም ነው፣ ሰውየው ምንም አይነት አቀማመጥ አያሳርፈውም። ስታጎነብሱ ስትቆሙ ሚለዋወጥና ወደ እግር ሚወርደው ከወገብ ነው። ከተጠራጠራችሁ የሽንት ምርመራ ቀላል ነው፣ አርጉት።

ሸክም ነው ያመጣብኝ?

ጅማ ላይ ይሄን ጥያቄ ማይጠይቅ የለም፣ ጆንያ ተሸካሚው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ቡና ምትለቅመዋ፣ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ምትወጣዋ፣ ኮብልስቶን ላይ ሚንገጫገጨው የባጃጅ ልጅ። ሸክም ድርሻ አለው፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ አንዱ እድሜውን ሙሉ ከባድ ስራ የሰራ፣ አንዱ ቀላል ስራ የሰራ መንትዮችን አወዳድረው ሲያዩ በዲስካቸው ላይ የተገኘው ልዩነት ትንሽ ነበር፣ ከስራው ይልቅ ዘር ነው የበለጠውን የወሰነው። ሲጋራም ትንሽ ድርሻ አለው። ይሄን ምነግራቸው ስራቸውን ትተው እንዳይቀመጡ ነው፣ ጆንያ ተሸክሞ ልጅ ሚያሳድግን ሰው ከእንግዲህ አትሸከም ማለት ቀላል ነው፣ ማን ያበላለታል? እረፍት እየወሰዱ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነት አስጠግተው፣ ሲያማቸው ለጥቂት ቀን ቀንሰው ቀስ ብለው መመለስ ይቻላል።

ሞዴል መግዛት ካልቻልኩስ?

በግ አለ። ለአረፋም ለፋሲካም በግ ሲታረድ የሽንጡን አጥንት ሳይቆራረጥ ለምኑ፣ ስጋውን አንሱና በሁለቱ አጥንቶች መሀል ያለውን ነጩን መስመር ፈልጋችሁ በስለታም ቢላ በአግድም ቁረጡት። እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ሚያበራ ነጭ ክብ ታያላችሁ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ልጥልጥ ያለው ይወጣል፣ ጣታችሁ ላይ ያብለጨልጫል። ያን ጊዜ ስለ ተልባው ማስረዳት አያስፈልግም። ጓንት አርጉ፣ በዛው ቀን ጨርሱት። ጤናማ አከርካሪ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነም እዛው ይገባችኋል፣ ዲስኩን ከአጥንቱ ለመለየት እጅ ሚያደክም ስራ ነው። ለታማሚ ግን ይሄ አይሆንም፣ ለሱ የፍራሽ ስፖንጅ በክብ ቆርጣችሁ በሁለት እንጨት መሀል ማጣበቅ ይበቃል፣ ውሃ አጠጡትና ጫኑት፣ ልቀቁትና መልሶ ሲጠጣ ይይ።

ገጠር ስሄድስ?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ህብረተሰቡ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር ስለሚታወቅ ብዙዎቻችሁ ትወጣላችሁ። በኦሮምኛ አስረዱ፣ ለፌ ዱግዳ ስትሉ አከርካሪን፣ ሙዺ ስትሉ ወገብን ሁሉም ያውቃል። ሞዴሉን በጨርቅ ሸፍናችሁ ያዙት፣ ካልተሸፈነ የሰው አጥንት መስሏቸው ሚደነግጡ አሉ፣ መጀመሪያ ፕላስቲክ እንደሆነ ንገሩና አስነኩ።

ሞዴሉን ትቼ ወዲያው ሆስፒታል ልላክ ምለው መቼ ነው?

መቀመጫውና ጭኑ መሀል ከደነዘዘ፣ ሽንቱ አልመጣ ካለ ወይ ካመለጠው፣ ሁለቱም እግሩ ከደከመ፣ በዛው ቀን፣ ነገ አይባልም፣ የፈረስ ጭራው ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሌሊትም ማይተው ህመም ካለ የአጥንት ቲቢን አስቡ፣ እኛ ሀገር ሁሌም መታሰብ አለበት፣ ጥሬ ወተት ሚጠጣ ሰው ከሆነ ከከብት ሚተላለፈውን ብሩሴላንም። ካንሰር ታክሞ ሚያውቅ ወይ ከከፍታ የወደቀ ሰው ካለም ሞዴል አውጥታችሁ አታስረዱ፣ ላኩት።

ሞዴሉ ቶሎ ይበላሻል፣ እንዴት ልያዘው?

መጀመሪያ ሚሰበረው ቢጫው ነርቭ ነው፣ ሰው እንደ እጀታ ስለሚይዘው። ከታች ከዳሌው አጥንት ይያዝ። ክረምት ላይ የጅማ እርጥበት መሀሉ ያለውን ብረት ስለሚያዝገው በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ሰቅላችሁ አስቀምጡት። አልኮል ስታበዙ ቀለሙ ይለቃል፣ በሳሙና ውሃ ይሻላል። የዲስኩ ማጣበቂያ ከለቀቀ ደግሞ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት፣ ይደርቅና ማጎንበስ ያቅተዋል፣ ጫማ ሰሪዎች ሚጠቀሙበት ማስቲሽ ግን ይተጣጠፋል፣ የኔ በሱ ነው የተጠገነው።